መሬት ሲነቃነቅ ከአልጋ ለማይወርዱ እኩዮቼ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፤ ዛሬ የምናገረው ለልጆቻችን አይደለም። ልጆች ቢነገራቸው ይሰማሉ፤ ባይነገራቸውም ከስልካቸው ያነባሉ። የምናገረው ለእኛው ነው፤ ጠጉራችን ለሸበተው፣ በእድሩም በሰንበቴውም ከፊት ለምንቀመጠው፣ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር ልጅና ምራት ዓይን ዓይናችንን ለሚያየን። ሌሊት ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ ሲጋጭ፣ አልጋው ወዲህና ወዲያ ሲል እኛ ጋቢያችንን ወደ ላይ እየሳብን «አልፏል፣ ተኙ» እንላለን። እነሱም ይተኛሉ። በዚያች አንድ ቃላችን ስንት ነፍስ ከግድግዳ ሥር እንደምናሳድር አስበንበት እናውቃለን?

ነገሩን እንዴት እንደ ለመድነው አስታውሱ። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት፣ ሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ እንዳለ፣ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው መንቀጥቀጥ መጣ። መጠኑ 4.9 ነበር። ያን ዕለት በእኛ ሠፈር ጫማ ሳያደርግ ደጅ የወጣ አዛውንት አይቻለሁ። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ እግዚኦ ብሎ፣ ብርዱን ችሎ ውጭ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ መናወጡ በረድ እያለ እንደገና እየተነሣ ወራትን አስቆጠረ፤ ታኅሣሥ ሲጋመስ በቀን ብዙ ጊዜ መመላለስ ጀመረ። ታኅሣሥ 26 ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው 5.8 ደረሰ። የካቲት 7 ሌሊት ደግሞ 6 ገባ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመሬቱ ጉልበት እየጨመረ ሲሄድ የእኛ ፍርሃት እየቀነሰ ሄደ። መስከረም ላይ በ4.9 በባዶ እግሩ የሮጠው ሰው፣ የካቲት ላይ በ6 ከአልጋው አልወረደም። «ዛሬም መጣ እንዴ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወደዚያው ወደ ድንጋዩ ግድግዳ!

አውቃለሁ፤ እዚህ ሰሜን ሸዋ፣ በእኛ በጫጫ፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ውርጭ ነው። ከዝተት ሥር መውጣት ለጎረምሳም ይከብዳል፤ ጉልበቱን ለሚያመው ለእኛ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ በዚህ ዘመን ሌሊት ደጅ መቆም ራሱ የሚያስፈራ ሆኗል። ሌላው መከራ አንሶ ነው ወይ የምትሉኝ አላችሁ። አልፈርድባችሁም። ግን ብርዱም ስጋቱም ግድግዳውን ደግፈው አያቆሙልንም።

ከእናንተ አፍ ስሰማ የኖርኩትን ምክንያት አንድ በአንድ ላንሣው። አንደኛው «ይህ የቆላ ነገር ነው፤ እኛ ደጋ ላይ ነን» የሚለው ነው። ራዲዮኑ መንቀጥቀጡ የተነሣበትን ቦታ «በፈንታሌ አካባቢ» ሲል ፈንታሌ የሩቅ አገር ይመስለናል። በመኪና መንገድ ስለምናስብ ነው፤ ወደዚያ ለመድረስ ብዙ መዞር አለና። መሬት ግን አስፋልት አይከተልም። ከጫጫ ተነሥቶ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ ለሚበር ፈንታሌ ተራራ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ መንቀጥቀጡ ያለበት ሌላው ተራራ ዶፈንም ከዚያ አይርቅም። ከአዲስ አበባ እስከ ፈንታሌ ግን ከመቶ ሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበቤው በኮንዶሚኒየም ደረጃ እየተንጋጋ ሲወርድ በቴሌቪዥን አይተን ስንስቅበት፣ ለነገሩ የምንቀርበው እኛ ነበርን።

ደግሞስ ደጋና ቆላ የሆነው በምን ሆነና? ጣርማበር ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ፣ አንኮበር ላይ ቆማችሁ የአፋርን ሜዳ ስታዩ፣ ያ ገደል የመሬት መሰንጠቅ ሥራ ነው። የሶማሌ ንጣፍ የሚሉት የአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ከቀረው የአህጉሩ አካል በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተለየ ይሄዳል፤ መካከሉ እየሰመጠ ስምጥ ሸለቆ ሆነ፤ እኛ ዳሩ ላይ ቀረን። ገብስ የምንዘራበት፣ በግ የምናሰማራበት ሜዳ የዚያው ስንጥቅ ከንፈር ነው። በ2017 የሆነውም እንግዳ ነገር አይደለም። በፈንታሌና በዶፈን መካከል የቀለጠ ዐለት ከምድር በታች መሬቱን እየሰነጠቀ ገባ፤ መሬቱ መከፈቱንም ሳተላይቶች ለክተውታል። በ1998 ዓ.ም. መባቻ አፋር ውስጥ ዳባሁ በሚባለው ቦታ እንዲሁ ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር፣ ተከፍቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ኤርታሌ አጠገብ ያለው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ሄዷል። ሸለቆው ሥራ ላይ ነው፤ እኛ ብንተኛም።

ሁለተኛው ምክንያት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ሊቅ የተናገረው ይመስላል። «ትንንሹ ሲመጣ ጥሩ ነው፤ መሬቱ ይተነፍሳል፤ ትልቁ ይቀርልናል» የሚለው። ይህን ጠጅ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ሰምቼዋለሁ። ሒሳቡን እዩት። የመንቀጥቀጥ መለኪያ አንድ ቁጥር ከፍ ሲል ጉልበቱ ሠላሳ ሁለት እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ሁለት ቁጥር ሲጨምር አንድ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ባለ 6 ጉልበት በባለ 4 እንዲወጣ ከተፈለገ አንድ ሺህ ባለ 4 መምጣት አለበት። እኛ ዐሥሩን ቆጥረን «ተነፈሰ» አልን። ትንሹ መንቀጥቀጥ ትልቁን አያስተነፍስልንም፤ ግድግዳችንን ግን ያላላዋል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ይህችው «ተነፈሰ» የምትል ቃል በሰው አገር ያደረሰችውን ልንገራችሁ፤ የሆነባቸው ሰዎች እንደ እኛው የተራራ ሰዎች ናቸውና። ጣሊያን ውስጥ ላኩዊላ የምትባል ደጋ ላይ ያለች የድንጋይ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ለወራት በትንንሽ መንቀጥቀጥ ስትናጥ ከረመች። መጋቢት 30 በእነሱ አቆጣጠር 4.1 የሚሆን መጣና ሕዝቡ ተረበሸ። በማግሥቱ የመንግሥት ሊቃውንት ተሰበሰቡ። ከስብሰባው ቀደም ብሎ አንድ ሹም ለጋዜጠኛ ሲናገር ትንንሹ መናወጥ ጉልበቱን እያስወጣ ስለሆነ ነገሩ መልካም ነው አለ፤ እንግዲያ ወይናችንን እየጠጣን እንቀመጥ ሲባልም በሳቅ ተስማማ። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 9:32 ላይ 6.3 መጣ። 309 ሰው አለቀ።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። የዚያች ከተማ ሽማግሎች ከአባት ከአያት የወረሱት ልማድ ነበራቸው፤ ሌሊት መሬቱ አንዴ ከተነቃነቀ ልጆቻቸውን ብርድ ልብስ አልብሰው ወደ አደባባዩ ያወጣሉ፤ እዚያው ውጭ ወይም መኪና ውስጥ ያድራሉ። በ1703 ከተማዋ አንዴ ጠፍታ ታውቃለችና የሚያደርጉትን ያውቃሉ። በዚያች ሌሊትም ትልቁ ከመምጣቱ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ቀድሞ አንድ ትንሽ መጥቶ ነበር። እንደ ልማዱ የወጣ ተረፈ። የተማረውን ሰው ቃል ሰምቶ ልማዱን የተወ፣ ልጆቹን አባብሎ ካስተኛው መካከል ከነልጆቹ የቀረ አለ፤ ልጆቹን አጥቶ ብቻውን የተረፈም አለ። ከሞት የተረፉ አባቶች በኋላ ፍርድ ቤት ቆመው ይህንኑ መሰከሩ። ክሱ ዓመታት ፈጀ፤ ሊቃውንቱ በይግባኝ ነጻ ወጡ፤ ሹሙ ቅጣቱ ተቀንሶለት ጥፋተኛነቱ ጸና።

እነዚያ ሰዎች ልማዱን የጣሉት ሹም ነግሯቸው ነው። እኛን ማን ነገረን? በየቤታችን ሹሙም ሊቁም እኛው ነን። ነገ አንድ ነገር ቢሆን ይግባኝ የምንልበት የለንም።

ሦስተኛው «እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም» የሚለው ነው። ይህን ሌላ ሰው ቢል አይገርመኝም፤ የሰሜን ሸዋ ሽማግሌ ሲለው ግን ያሳፍራል። በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ኅዳር 1835 ዓ.ም.፣ አንኮበር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲወርድ ከርሞ በሌሊት መሬት ተንቀጠቀጠ፤ የራሰው ተራራ ተንሸራተተ፤ የንጉሡ ግቢ ከፊሉ ተናደ፤ ቤቶች ከነሰዎቹና ከነከብቶቹ ወደ ገደል ወረዱ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሃሪስ በዚያን ጊዜ በሸዋ ነበረና ጽፎታል። ከእኛ ከአንጎለላ የንጉሡ ሁለተኛ መቀመጫ እስከ አንኮበር በበቅሎ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

ይህ የሩቅ ዘመን ነው ካላችሁ፣ የካራቆሬን መንቀጥቀጥ ማን ረሳው? ግንቦት 1953 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ነው። አንዳንዶቻችን ያኔ ፊደል የምንቆጥር ልጆች ነበርን። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማጀቴ ፈጽማ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ከቤቷ ግማሽ የሚጠጋው ወደቀ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተሰነጣጠቀ፣ በናዳ ተዘጋ። መጠኑ 6 ተኩል ያህል ነበር። ዋናው ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ቀናት ያነሱ መናወጦች ነበሩ፤ ከዋናው በኋላም እስከ ክረምቱ መውጫ በሺህ የሚቆጠሩ ተከታትለዋል። ፒየር ጉዋን የሚባሉ የኢየሱሳውያን ቄስ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ተክለው ነበርና ያንን ሁሉ መዘገቡት፤ በኋላም የኢትዮጵያን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡት። ከካራቆሬው ስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባል መንደር ወደመች፤ 40 ያህል ሰው ሞተ። የሰርዶ ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ ለመንደሪቱ ግን ያ ቁጥር ብዙ ነው።

«የእግዚአብሔር ነገር ነው» ለምትሉትም አክብሬ እመልሳለሁ። ነው። ምሕላው አይቅር። እኔም ከምሕላው አልቀርም። ግን ከምሕላ ስትመለሱ በርኖሳችሁን የት ነው የምትሰቅሉት? በር አጠገብ ስቀሉት፤ ይኸው ነው የምላችሁ። ጸሎት ያደረሰ ሰው ከሚንገዳገድ ግድግዳ ሥር ተኝቶ «ጠብቀኝ» ቢል እግዚአብሔርን መፈታተን ይሆንበታል።

እውነቱን ሳልደብቅ ልናገር፤ ማስጠንቀቂያ በማጋነን አይጸናም። ትንሽ መንቀጥቀጥ በመጣ ቁጥር ትልቅ አይከተለውም። አብዛኛው መጥቶ እዚያው ያልቃል። የትኛው ትንሽ የትልቅ መቅድም እንደሆነ ግን ከዋናው በፊት ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያም ሊቅም በዓለም ላይ የለም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉት የጂኦፊዚክስ ሰዎችም ይህንኑ ደጋግመው ተናግረዋል። ስለዚህ በስልክ «ዛሬ ሌሊት በስምንት ሰዓት ይመጣል» ብሎ ሕዝብ የሚያሸብረው ጎረምሳና፣ ጋቢውን ተከናንቦ «ከእንግዲህ አይመጣም» የሚለው ሽማግሌ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የማያውቁትን ይናገራሉ። የጎረምሳው ውሸት ሌሊቱ ሲያልፍ ይጋለጣል። የእኛው ግን ብዙ ጊዜ እውነት ይመስላል፤ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ልክ ሆኖ ይቆያልና። ውሃ እያሳሳቀ የሚወስደው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ግድግዳችን ልምጣ። ዕድሜዬን ድንጋይ ስክብ የኖርኩ ሰው ነኝና በዚህ ላይ የምናገረው አያልቅም፤ ታገሡኝ።

የእኛ አገር ቤት የድንጋይ ነው። እንጨት ብርቅ፣ ድንጋይ ሙሉ በሆነበት ደጋ ሌላ ከምን ይሠራል? ብርዱንም ይመክታል። ግን ጭቃ ድንጋይን አያጣብቅም፤ ያስቀምጠዋል እንጂ። አንድ ረድፍ ድንጋይ ከውጭ፣ አንድ ረድፍ ከውስጥ፣ መካከሉ ጠጠርና አፈር ነው። ሁለቱን ረድፍ የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በየክንዱ ካልገባበት አንዱ ረድፍ ሌላውን አያውቀውም። መሬቱ ሲነቃነቅ መካከል ያለው ጠጠር ወደ ታች ይወርዳል፤ ረድፎቹን እየገፋ ያራርቃቸዋል። ግድግዳው ሆድ ያወጣል። በዐሥረኛው መናወጥ የወጣው ሆድ በመጀመሪያው አልነበረም። እያንዳንዷ «ምንም አይደለች» ያልናት መንቀጥቀጥ አንዲት ጠጠር አውርዳ ሄዳለች። ግድግዳው ምንም ሳይመስል በአንድ ቀን ይዘረገፋል፤ ያን ቀን የመጣው መንቀጥቀጥ ትልቅ ላይሆንም ይችላል።

መሬታችን ደግሞ መረሬ ነው። በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል። ረግረጉ ዳር፣ ጨፌው ዳር የቆመ ቤት ዐለት ላይ ከቆመው ይልቅ በብርቱ ይናወጣል፤ ለስላሳ መሬት መናወጡን ያጎላዋልና። በዚያ ላይ ነፋስ እንዳይገነጥለው ብለን ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ እንጭናለን። አንድ ቀን ወጥታችሁ የጣራችሁን ድንጋይ ቁጠሩ፤ ቀጥሎም ከእያንዳንዱ ሥር ማን እንደሚተኛ አስቡ። ጣራ በሚስማርና በሽቦ ይታሰራል፤ በድንጋይ አይጫንም።

ያ የምንንቀው ጭቃ ቤት፣ ምሰሶ ተተክሎ፣ ማገር ታስሮ፣ በጭድ ጭቃ የተመረገው፣ ከድንጋዩ ቤት ይልቅ ይሻላል። ይወዛወዛል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ ሰው ላይ ግን በቀላሉ አይከመርም። አሁን ልጆቻችን ገንዘብ ሲያገኙ በብሎኬት ይገነባሉ፤ ፌሮ ይቆጥባሉ፤ ቶፕ ታይ ቢም የሚሉትን የላይኛውን የአርማታ መቀነት «ለአንድ ፎቅ አያስፈልግም» ብለው ይተዉታል። ያለ እሱ አራቱ ግድግዳ አራት ግድግዳ ነው፤ ቤት አይደለም። አገራችን ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሆን የግንባታ ደንብ ካወጣች አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ጫጫ ላይ ግን ደንቡ የሚደርሰው ግንበኛው እጅ ላይ ነው፣ ግንበኛውን የሚያዝዘውም ገንዘብ የያዘው አባት ነው። አባትየው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ፌሮ ለመግዛት አቅም የሌለው እንኳ በድንጋዩ ግድግዳ ውስጥ በየክንድ ተኩሉ ከፍታ የእንጨት ማሠሪያ ዙሪያውን ቢያስገባ ብዙ ይጠቅመዋል። ይህ የፈረንጅ ጥበብ አይደለም። ላስታ ሄዳችሁ ይምርሐነ ክርስቶስን ብታዩ ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ ሆኖ እስከ ላይ ወጥቷል፤ ከአክሱም የወረደ አሠራር ነው። ሕንፃው ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል። በየአገሩ መንቀጥቀጥ የበዛበት ሕዝብ ግንቡን በእንጨት ሲያስር ኖሯል፤ ቱርኮችም፣ የካሽሚር ሰዎችም። እኛ ያለንን ትተን ነው የተጋለጥነው።

ሰው የሚገድለው መሬቱ ሳይሆን የሠራው ቤት መሆኑን እ.ኤ.አ. 2010 ሁለት ወር ባልሞላ ልዩነት አሳይቷል። በሄይቲ 7.0 መጥቶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በቺሊ 8.8 መጣ፤ የሞተው አምስት መቶ ያህል ነው። የእኛዎቹንም ተመልከቱ፤ በ2017 በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤቶች ፈራርሰው፣ የከሰም ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ሳይቀሩ ተነሥተው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀየውን ለቀቀ። ያ ሁሉ ሲሆን የጅምላ እልቂት አልተሰማም፤ ሰዎቹ ወጥተው ነበራ! ትንሹን አልናቁትም።

በቁልቁለቱ ላይ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። አንኮበር፣ ደብረ ሲና፣ ጣርማበር ሥር ልጅ ያልዳረ በመካከላችን የለም። እዚያ ያለው መሬት ያለ መንቀጥቀጥም ይንሸራተታል፤ በ1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ላይ ተንሸራቶ ከአንድ ሺህ በላይ ቤት አፍርሷል። እንግዲህ የ1835ቱን አንኮበር አስቡ፤ ዝናብና መናወጥ ሲገናኙ ነው የከፋው። ስለዚህ በጥር የምንንቀውን ትንሽ መናወጥ በነሐሴ አትናቁት፤ ከቁልቁለቱ ሥር ላሉት ደውሉላቸው። ሲናድም ለማዳን ተሯሩጣችሁ አንድ ቦታ አትሰብሰቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ ዝናብ ባመጣው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሄዱት ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ወርዶባቸው አብረው ቀርተዋል።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የተሠራው መደብ ላይ መተኛት ይቅር፤ አልጋውም ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል፤ ከራስጌ በላይ መደርደሪያ አይኑር። በርኖስ፣ ጫማና ባትሪ በር አጠገብ ይደሩ፤ በሩም በሦስት መቀርቀሪያ ተቆልፎ ቁልፉ ትራስ ሥር አይደበቅ። የከሰል ምድጃው ከመኝታ በፊት ይጥፋ። ምድር ቤት ያለና በሩ የቀረበው መሬቱ ሲነቃነቅ ይውጣ፤ የወጣም ከካቡ አጥርና ከመብራት ሽቦው ይራቅ። መውጣት ያልቻለ ጠንካራ አልጋ ወይም ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራሱን ይሸፍን። ደብረ ብርሃን ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ልጆቻችሁ ግን «ሩጡ» አትበሉ፤ ደረጃ ላይ መጋፋትና ከመስኮት መዝለል ራሱ ይገድላል፤ መናወጡ እስኪያቆም ጠረጴዛ ሥር ይቆዩ፣ ከዚያ በእርጋታ ይውረዱ። ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ጫፉን በጠመኔ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት፤ ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ በዚያ ክፍል ሰው አይደር።

አንድ ነገር ግን በግለሰብ አይሆንም። እድራችን ድንኳን አለው፤ ድስት አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ሌሊት የሚነፋ ጥሩንባ አለው። ለሞተ ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ተቀምጧል። ይኸው ድንኳን ቤቱ ለተሰነጠቀበት ጎረቤት ለጥቂት ሌሊት ቢተከል፣ ይኸው ጥሩንባ መሬቱ በርትቶ ሲነቃነቅ ሕዝቡን ወደ ሜዳው ለመጥራት ቢነፋ፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን አሮጊቶችና አካል ጉዳተኞች ማን እንደሚያወጣቸው በስም ቢመደብ፣ ከእድሩ ካዝና አንድ ብር አይወጣም። በሚመጣው የእድር ጉባኤ ይህ ሐሳብ እንዲያዝልኝ ዳኛውንም ጸሐፊውንም ጠይቄአለሁ። እናንተ እጃችሁን አውጡልኝ።